የእንፋሎት መርከብ ማገዶና የቀይ ባሕር ዳርቻ

(በገላን ኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ንግግር እንዳደርግ ሲያዝዘኝ የሰጠኝ ርእስ «የጥንቶቹ የእንፋሎት መርከቦች በምን ማገዶ፣ በምንስ ጥበብ ይሄዱ ነበር?» የሚል ነው። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ለምንኖር ሰዎች የመርከብ ነገር ምን ያደርግልናል የሚል አድማጭ ሳይኖር አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልሴ በአንድ ቃል ይጀምራል፤ ቃሉም «ባቡር» ነው። ኢጣልያኖች እንፋሎትን «ቫፖሬ» ይሉታል። ዐረቦች ይህን ቃል ተቀብለው በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አሉት፤ ወደ እኛም በዚያው መንገድ ደረሰ። እኛ በሐዲድ የሚሄደውን «የምድር ባቡር» ብለን «የምድር» የሚለውን መጨመራችን፣ ቃሉ መጀመሪያ የባሕሩ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ይመስለኛል። ከዚህ ከገላን ብዙ ሳይርቅ በእንዶዴ ጣቢያ የሚያልፈው ባቡር ዛሬ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ስሙ ግን እስከ አሁን እንፋሎት ነው። እንግዲህ ነገሩን ሳናውቀው በአፋችን ይዘነው ኖረናል ማለት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እንፋሎት እንዴት መርከብን ያህል ነገር ሊገፋ ቻለ? ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ከነበረበት መጠን 1600 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ተመልሶ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይሰበሰብና ባዶ ስፍራ ይተዋል። ይህን ለመረዳት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት የሞቀ ውኃ አድርጋችሁ ካወዛወዛችሁ በኋላ ውኃውን ድፉና ክዳኑን ግጠሙ፤ ከላይም ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። ጠርሙሱ ይጨማደዳል። የጨመደደው በዙሪያችን ያለው አየር ነው። የጥንቶቹ የመርከብ ሞተሮች የሠሩት በአብዛኛው በዚሁ ጥበብ ነው። በ1830ዎቹ የመርከብ ማፍያ ጋኖች የሚይዙት ግፊት ከአየሩ ግፊት በሲሶ ያህል ብቻ የበለጠ ነበር። የሞተሩ ጉልበት በይበልጥ የሚመጣው እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውኃ ሲመታና በሲሊንደሩ በአንደኛው ወገን ባዶ ስፍራ ሲፈጠር ነው። ያን ጊዜ ፒስተኑ ወደ ባዶው ይሳባል፤ ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉም በመርከቡ ግራና ቀኝ የተተከሉትን ቀዛፊ መንኰራኵሮች ያዞራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የውኃው ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ለእነዚህ መርከቦች የተነገረ ይመስላል። መርከቡ በውኃ ላይ ተቀምጦ ሳለ ለማፍያው የሚሆን ንጹሕ ውኃ አልነበረውም። ስለዚህ የባሕሩን ውኃ ከነጨዉ ያፈሉት ነበር። በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። በመርከቡ ማፍያ ውስጥ ይህ ነገር እየወፈረ እሳቱን ከውኃው ይለየዋል፤ ብረቱም ከልክ በላይ ይግላል። ይህን ለመከላከል ሠራተኞቹ በየጊዜው የሞቀውን ጨዋማ ውኃ ወደ ባሕር ያፈስሱ ነበር። ከውኃው ጋራ የሚፈሰው ግን ከሰል ያቃጠሉበት ሙቀት ነው። ሳሙኤል ሆል የተባለው እንግሊዛዊ በ1834 እንፋሎቱን ከባሕር ውኃ ጋራ ሳያቀላቅል በቧንቧ የሚያቀዘቅዝ ኮንደንሰር ሠራ። በዚህ መሣሪያ ያው ንጹሕ ውኃ ተመልሶ ወደ ማፍያው ይገባል። ጥበቡ በመርከቦች ሁሉ ዘንድ የተለመደው ግን በ1860ዎቹ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥያቄ የማገዶው ነው። ሳቫና የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በ1819 አትላንቲክን ስትሻገር 29 ቀን ያህል ፈጅታለች፤ ከዚህ ውስጥ በእንፋሎት የሄደችው ጥቂቱን ሰዓት ነው፤ የቀረውን በሸራ ነው የተጓዘችው። ብዙ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ሲከራከሩ፣ መርከብ አትላንቲክን በእንፋሎት ብቻ ይሻገር ከተባለ ከሰል ጭኖ ለሰውም ለዕቃም ስፍራ አይተርፈውም ይሉ ነበር። ኢዛምባርድ ብሩኔል የተባለው መሐንዲስ ይህን ክርክር የመለሰው በተራ ሒሳብ ነው። ጐኑ 1 ሜትር የሆነውን ሣጥን ጐኑን 2 ሜትር ብናደርገው፣ የሚይዘው 8 እጥፍ ሲሆን የውጭ ገጹ 4 እጥፍ ብቻ ነው። ውኃ መርከቡን የሚቃወመው በገጹ ነው፤ ከሰል የሚጫነው ግን በሆዱ ነው። እንግዲያስ መርከቡ በተለቀ ቍጥር ለማገዶው የሚበቃ ስፍራ ያገኛል። በዚህ አሳብ የተሠራችው ግሬት ዌስተርን በሚያዝያ 1838 ከእንግሊዝ ተነሥታ በ15 ቀን ኒው ዮርክ ገባች። በአንድ ቀን የቀደመቻት ሲሪየስ የተባለች ትንሽ መርከብ ከአየርላንድ ተነሥታ 18 ቀን የፈጀች ሲሆን፣ ስትደርስ ከሰሏ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ግሬት ዌስተርን ግን ገና 200 ቶን ያህል ተርፏት ነበር። ፊተኛ ሆና የገባችው ሲሪየስ ናት፤ ክርክሩን የረታችው ግን ግሬት ዌስተርን ናት።

ቀጥሎ የተነሣው የመግፊያው ነገር ነው። ቀዛፊ መንኰራኵር በጸጥተኛ ወንዝ ላይ መልካም ነው። በውቅያኖስ ግን መርከቡ ወደ አንድ ጐን ሲያዘነብል አንደኛው መንኰራኵር ከልክ በላይ ይጠልቃል፤ ሌላው በአየር ላይ ይሽከረከራል። ከሰሉ እያለቀ በሄደ መጠንም መርከቡ ስለሚቀልና ከፍ ስለሚል መንኰራኵሩ ውኃውን በደንብ አይዝም። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝና ጆን ኤሪክሰን በ1836 እያንዳንዳቸው በየራሳቸው በመርከቡ ኋላ ከውኃ በታች የሚዞር ውልብልቢት አወጡ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የትኛው እንደሚሻል ለማየት በ1845 ጉልበታቸው የተቀራረበ ሁለት መርከቦችን ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስሮ ጐተተ፤ አንዱ ራትለር፣ ባለ ውልብልቢት፤ ሁለተኛው አሌክቶ፣ ባለ መንኰራኵር ነበር። ራትለር አሌክቶን ወደ ኋላ እየጐተተ ወሰደው። በዚያው ዓመት የብሩኔል ሁለተኛ መርከብ ግሬት ብሪቴን፣ በብረት የተሠራችና በውልብልቢት የምትሄድ ሆና፣ አትላንቲክን ተሻገረች።

ከዚህ በኋላ መሐንዲሶቹ ያሰቡት በአንድ ቶን ከሰል እንዴት ሩቅ መሄድ እንደሚቻል ነው። እንፋሎቱ በአንድ ሲሊንደር ሠርቶ ከወጣ በኋላ ገና ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛ ሰፊ ሲሊንደር ገብቶ እንደ ገና ይሥራ አሉ። አልፍሬድ ሆልት በ1866 በዚህ ዓይነት ሞተርና ከአየሩ በ4 እጥፍ በሚበልጥ ግፊት አጋሜምኖን የተባለችውን መርከብ ወደ ቻይና አሰማራ። የምትፈጀውም ከሰል በዘመኑ ተራ መርከቦች ከሚፈጁት ግማሽ ገደማ ነበር። በ1881 ሦስት ጊዜ የሚሠራው ሞተር፣ በ1890ዎቹም ተርባይን መጣ። በ1907 የተሠማራችው ሞሪታኒያ በ4 ውልብልቢቶች ትሄድ ነበር፤ 25 ማፍያዎችና 192 ምድጃዎች ነበሯት፤ በቀን እስከ 1000 ቶን ከሰል ትፈጅ ነበር።

ወዳጆቼ፣ 1000 ቶን ስንል በቍጥሩ ተደንቀን እንዳናልፈው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከሰል ወደ እሳቱ የጨመረው የሰው ክንድ ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ አንደኛው ወገን ከሰሉን ከጐተራው በእጅ ጋሪ ያመጣል፤ ሁለተኛው ወገን በአካፋ ወደ ምድጃው ይወረውራል፣ ፍሙን ይቈሰቍሳል፣ አመዱን ይጠርጋል። አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ማረፍ የተለመደ ሥርዐት ነበር። እኛ ውኃ ሲቋረጥ አንድ ጄሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ምን ያህል እንደምናማርር ራሳችን እናውቃለን። እነዚያ ሰዎች በሚነድ ምድጃ ፊት ቆመው፣ ወለሉ ከእግራቸው በታች እየተናወጠ፣ ያለማቋረጥ በየቀኑ ይህን ያደርጉ ነበር። በቀይ ባሕር ላይ ሙቀቱ የባሰ ነው። በዚህ ባሕር በሚመላለሱ የእንግሊዝ መርከቦች ምድጃ ፊት ከቆሙት ብዙዎቹ የሶማሌና የየመን ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በብሪታንያ በካርዲፍ ወደብ የሚገኘው ጥንታዊ የሶማሌ ማኅበረሰብ የተመሠረተው በእነዚህ መርከበኞች ነው። የመሐንዲሶቹ ስም በመጽሐፍ ይነበባል፤ የእሳት አንዳጆቹን ስም ግን የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ዳርቻ ልመለስ። ሸራ ማገዶው ነፋስ ነው፤ ነፋስን ማንም አይሸጠውም። የእንፋሎት መርከብ ግን በየተወሰነው ቀን ከሰል ካልተሰጠው ይቆማል። በ1830 ህዩ ሊንድሲ የተባለው መርከብ ከቦምባይ ወደ ስዊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንፋሎት ሲጓዝ፣ ዐደን የደረሰው ከሰሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። እንግሊዞች በጥር 1839 ዐደንን በጦር ያዙ፤ ለዚህም ከነበሯቸው ምክንያቶች ዋነኛው የከሰል ማከማቻ ማግኘት ነበር። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች ገዙ፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ያህል ብዙም ሳይሠሩበት ቆዩ። በ1884 ከቻይና ጋራ ሲዋጉ እንግሊዞች በዐደን ለጦር መርከቦቻቸው ከሰል ከለከሏቸው፤ ያን ጊዜ ኦቦክን አስታወሱ። ከዚያም በ1888 ጅቡቲን መሠረቱ።

ኢጣልያስ? በኅዳር 15 ቀን 1869 ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለው ሰው ሩባቲኖ ለተባለ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ የዐሰብን መሬት ተዋዋለ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከሁለት ቀን በኋላ በኅዳር 17 ቀን ነው። ቦዩ ሲከፈት መርከቦች በዚህ መንገድ እንደሚጐርፉና ከሰል እንደሚፈልጉ ኩባንያው አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ስፍራውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በየካቲት 1885 ምፅዋ ላይ ጦር አወረደ፤ በ1887 ዶጋሊ፣ በ1896 ዐድዋ ተከተለ። ዐድዋን ሁላችንም እናውቃለን። ታሪኩ የተጀመረው ግን በአንድ የከሰል ማራገፊያ መሬት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አናስብም።

ከዚህም በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ አገር የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲላክላቸው በ1866 ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ተልከው ምፅዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። ቀጥሎ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ነው። ከ200 የሚበልጡ የሸራና የእንፋሎት መርከቦች 13,000 ያህል ወታደርና ከአርባ የሚበልጡ ዝሆኖች ወደ ዙላ አመጡ። በዙላ የሚጠጣ ውኃ ስላልነበረ፣ የመርከቦቹ ማፍያዎችና በዳርቻው የተተከሉ መሣሪያዎች የባሕሩን ውኃ እያፈሉና እያቀዘቀዙ ሠራዊቱን አጠጡ። ከዳርቻውም እስከ ተራራው ግርጌ ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር ተመላለሰበት። መቅደላ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደቀች። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ ተጫነ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ጥበብ መጣ፤ ነገር ግን በሌላ ሰው እጅ ሆኖ መጣ፤ ሥራውንም ፈጽሞ ተመለሰ። ለእኛ የተረፈ አንድ ማፍያ፣ አንድ የሠለጠነ እጅ አልነበረም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን የተረዱ ይመስላል። በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቆቹ መርከቦች ከሰልን ትተው በነዳጅ ዘይት መሄድ ጀመሩ። ዘይቱ በቧንቧ ይፈስሳል፤ አካፋ አይፈልግም፤ ብዙ መቶ አንዳጆች ይሠሩት የነበረውን ጥቂት ሰዎች ይሠሩታል። የማገዶው ዓይነት ተለወጠ፤ የማገዶው ፖለቲካ ግን አልተለወጠም። ኢጣልያ በ1935 አገራችንን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 18 ቀን የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ከተከለከሉት ዕቃዎች መካከል ግን ዘይትና የድንጋይ ከሰል አልነበሩም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደር የጫኑት መርከቦች ግብራቸውን እየከፈሉ አለፉ። በግንቦት 4 ቀን 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ፤ ያም መርከብ በዘይት በፈላ እንፋሎት የሚሄድ ነበር። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ቢጨመር፣ እርሱም «ዘይት» የሚል ቃል ቢሆን፣ ጦርነቱ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። አባቶቻችን በጀግንነት አልተበለጡም፤ የጎደለው የማገዶውን ቧንቧ የሚዘጋ እጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በአሁኑ ጊዜ ስለ ባሕር በር በየቤቱ፣ በየታክሲው ይነገራል። ንግግሩ መልካም ነው። ነገር ግን የዐደን፣ የኦቦክና የዐሰብ ታሪክ የሚያሳየን፣ ዳርቻ ብቻውን ባለቤቱን እንዳላበለጸገው ነው። በዐደን ዳርቻ ከሰል በጀርባው የተሸከመው ሰው የዳርቻው ሰው ነበር፤ ትርፉ ግን የመርከቡ፣ የሞተሩና የከሰል ማውጫው ባለቤት ነው። ኢትዮጵያ በ1964 የራሷን የመርከብ ድርጅት ማቋቋሟና ከ1993 ወዲህ ወደብ ሳይኖራት መርከቦቿን ይዛ መቀጠሏ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶች መሠልጠናቸው ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ሥራ ነው። በጣና ዳር ተምሮ በውቅያኖስ ላይ ሞተር የሚጠብቅ ወጣት፣ ቴዎድሮስ ከምፅዋ በር የተመለሱባቸው ባለሙያዎች ስፍራ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

የሚመጣው ዘመን ደግሞ ከፊታችን ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት በ2023 ባወጣው ዕቅድ፣ መርከቦች አየሩን የሚበክለውን ጋዝ በ2050 ገደማ ወደ ዜሮ እንዲያደርሱ ተስማምቷል። ስለዚህ ማገዶው እንደ ገና ይለወጣል። ሃይድሮጅን፣ አሞንያ፣ ሜታኖል የሚሉ ስሞች ይሰማሉ፤ ሃይድሮጅኑንም ሆነ አሞንያውን ያለ ጭስ ለመሥራት ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። በእንዶዴ የሚያልፈው ባቡር የሚሄድበት ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ከነፋስ ወደ ከሰል ሲለወጥ የእኛ ድርሻ ዳርቻ መሆን ነበር፤ ከከሰል ወደ ዘይት ሲለወጥ ድርሻችን መወረር ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ድርሻችን ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በዚህ ቤት ውስጥ ያለው የኬሚስትሪ፣ የሜካኒክና የሕግ ተማሪ ነው። መምህራኖቻችን ስለ ቴርሞዳይናሚክስ ሲያስተምሩን ነገሩ ለፈተና ብቻ የተጻፈ የሚመስለን ጊዜ ብዙ ነው። የግሬት ዌስተርን 200 ቶን ትራፊ ከሰል ግን የአንድ ተራ ሒሳብ ፍሬ ነው፤ የዙላ የመጠጥ ውኃም የአንድ ኮንደንሰር ፍሬ ነው። ሒሳቡ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ በየቤተ መጻሕፍታችን አለ። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የመርከቡን ውበት ከዳር ቆመን ከማድነቅ አልፈን ወደ ምድጃው እንውረድ፤ ምን እንደሚነድ፣ ማን እንደሚያነድደው፣ ማንስ እንደሚሸጠው እንጠይቅ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ መምህራኖቻችንም የጎደለውን እንድትሞሉልን በአክብሮት እለምናለሁ።